ከተያዘ ሴል እስከ ሦስቱ ባንዶች፦ የሄርፒስ ቫይረስን ክፍሎች የመለያ መመሪያ

ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ 1 ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ከንፈር ጫፍ ላይ ሲወጣ ምች መታኝ ብለን ዳማከሴ አሽተን እንቀባለን። ዘመዱ ቫሪሴላ ዞስተር ደግሞ አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ይኸው ቫይረስ ጥሩ አስተማሪ ነው። ለማሳደግ አያስቸግርም። ሴሉን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ክፍሎቹም በመጠንና በክብደት ስለሚለያዩ ሴንትሪፊውጅ ላይ ተራ በተራ ይወጣሉ።

ይህን የምጽፈው የሴል ካልቸር ለለመዱ፣ ቫይረስ ገነጣጥለው ግን ለማያውቁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር፦ መለየቱ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ቱቦው ላይ «ካፕሲድ» ብላችሁ ስለጻፋችሁ ብቻ ውስጡ ያለው ካፕሲድ አይሆንም። በየደረጃው ምን እንደያዛችሁ፣ ምን እንደጣላችሁ፣ ሳይፈለግ ምን አብሮ እንደመጣ ማሳየት አለባችሁ።

ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

ቫይረሱ አራት ክፍል አለው። መሀሉ ላይ 152,000 ገደማ ቤዝ ጥንድ ያለው ዲኤንኤ ተጠቅልሎ ይገኛል። እሱን የያዘው 125 ናኖሜትር ስፋት ያለው የፕሮቲን ቅርፊት ካፕሲድ ይባላል። ከካፕሲዱ ውጭ ቴጉመንት የሚባል የፕሮቲን ክምችት አለ። ከሁሉም ውጭ ደግሞ ግላይኮፕሮቲኖች (ስኳር የተያያዘባቸው ፕሮቲኖች) የተሰኩበት የስብ ሽፋን አለ፤ እሱ ኤንቨሎፕ ነው።

ካፕሲዱን ጠጋ ብለን እንየው፤ ኋላ ፕሮቲኖቹን በመጠናቸው የሚለየውን ጄል የምታነቡት በሱ ነውና። 162 እብጠቶች አሉት። ከነዚህ 150ዎቹ ባለ ስድስት፣ 11ዱ ባለ አምስት ናቸው። የቀረው አንዱ ዲኤንኤው የሚገባበት በር ነው። ባለ ስድስትና ባለ አምስት ያሰኛቸው የዋናው ፕሮቲን ቅጂ ብዛት ነው፤ የዚህ ፕሮቲን ስም ቪፒ5 ነው። ስድስት ጊዜ 150 እና አምስት ጊዜ 11 ስትደምሩ 955 ይመጣል፤ አንድ ካፕሲድ ላይ ያለው የቪፒ5 ብዛት ይኸው ነው። እብጠቶቹን የሚያያይዙት ቪፒ19ሲ (320) እና ቪፒ23 (640) ናቸው። ትንሹ ቪፒ26 ባለ ስድስቶቹ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ 900 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ማስታወሻችሁ ላይ ጻፏቸው። ኋላ ያስፈልጋሉ።

ስሞቹ ከየት መጡ? «ቪፒ» የቫይረስ ፕሮቲን ማለት ነው። በ1972 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፓትሪሺያ ስፒርና በርናርድ ሮይዝማን የተጣራ ቫይረስ ጄል ላይ አስኬዱና ባንዶቹን ከላይ ወደ ታች ቆጠሯቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ፕሮቲኑ ትልቅ ነው። ቪፒ5 149 ኪሎዳልተን ሲሆን ቪፒ26 12 ብቻ ነው። ጄል ስታነቡ ይህ ይጠቅማችኋል።

ደኅንነት፣ በአጭሩ ግን ከልብ

ሥራው የባዮሴፍቲ ደረጃ 2 ነው። ሕይወት ያለው ቫይረስ የሚከፈተው ባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ብቻ ነው። ጓንት፣ ገዋንና የዓይን መከላከያ ግዴታ ናቸው። ዓይንን በተለይ አደራ፤ ሄርፒስ ኮርኒያ ላይ ከገባ እይታ ያበላሻል። ጣት ከተወጋም የሚያሠቃይ ቁስል ያመጣል። መርፌ የምትጠቀሙበት ደረጃ ስላለ ያን ጊዜ አትቸኩሉ፣ ክዳኑንም መልሳችሁ አትክደኑ። ኤግዚማ ያለባችሁ ወይም የበሽታ መከላከል አቅማችሁ የደከመ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡርም ከሆናችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪምና የቤተ ሙከራ ኃላፊያችሁን አማክሩ።

ለማጽጃ የቤት በረኪና አንድ እጁን በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጡ። በየቀኑ አዲስ ይሁን፤ ተበጥብጦ የከረመ በረኪና አቅም የለውም። የሮተሩን ባልዲዎች ስትጭኑም ስትከፍቱም ካቢኔት ውስጥ ይሁን። ቱቦ ቢሰነጠቅ ጠብታው አየር ላይ ይበተናልና።

1. ሴሎቹን አዘጋጁ

ቬሮ ሴል ይበቃችኋል። በ1962 ጃፓን ቺባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣ ኩላሊት የተገኘ የሴል መስመር ነው። ኢንተርፌሮን ስለማያመርት ቫይረሱን እምብዛም አይከላከልም። ለኛ ሥራ ይህ ድካሙ ጥቅም ነው።

150 ካሬ ሴንቲሜትር የሆኑ 10 ፍላስኮች ለቫይረሱ፣ 2 ደግሞ ቫይረስ ለማይነካቸው ያዙ። ሁለቱን «ሞክ» እንላቸዋለን። ለሞኮቹ ከቫይረሱ በቀር ሁሉም ነገር እኩል ይደረግላቸዋል። ፍላስክ ለመቆጠብ ብላችሁ እንዳትተዋቸው። ሞክ ከሌለ ጄሉ ላይ የምታዩት ባንድ የቫይረሱ ይሁን የሴሉ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ሴሎቹ ወለሉን 90 በመቶ ሲሸፍኑ ዝግጁ ናቸው። ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ እንደሌለባቸው መመርመራቸውንም አረጋግጡ።

2. ቫይረሱን አስይዙ

እዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሚዘለለውም ስለቀለለ ነው። አንድ ፍላስክ ላይ 20 ሚሊዮን ገደማ ሴል አለ። ለአንድ ሴል 5 ቫይረስ ከፈለጋችሁ 100 ሚሊዮን ፕላክ ፈጣሪ ቅንጣት ያስፈልጋል። ስቶካችሁ (አስቀምጣችሁ የያዛችሁት ቫይረስ) በሚሊሊትር 100 ሚሊዮን ከሆነ አንድ ሚሊሊትር ማለት ነው።

ለምን 5? ቫይረሱ ሴሎቹን እኩል አይዳረስምና። በአማካይ አንድ ለአንድ ብትሰጡ 37 በመቶው ሴል ሳይነካ ይቀራል። በ5 ግን ያልተነካው ከአንድ በመቶ በታች ይወርዳል። ያኔ ሁሉም ሴል እኩል ተነሥቶ እኩል ይደርሳል። ካፕሲድ ስትለዩ የምትፈልጉት ይህን ነው።

አሮጌውን ሚዲየም አንሡ። ቫይረሱን በትንሽ ሚዲየም አድርጋችሁ ጨምሩና ለአንድ ሰዓት 37 ዲግሪ ላይ አቆዩት። በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ፍላስኩን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት፤ መሀሉ እንዳይደርቅ። ከዚያ ያልገባውን ቫይረስ አስወግዱ፣ በፒቢኤስ (የጨው ማጠቢያ ፈሳሽ) እጠቡ፣ አዲስ ሚዲየም ሙሉ።

የስቶካችሁን መጠን የማታውቁት ከሆነ ወደዚህ ደረጃ አትግቡ። መጀመሪያ የፕላክ ቆጠራ ሥሩ። ቫይረሱን በአሥር በአሥር እጥፍ አቅጥኑት፣ ባለ 6 ጉድጓድ ሳህን ላይ ጨምሩ፣ ሜቲልሴሉሎስ አልብሱት። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በክሪስታል ቫዮሌት ቀብታችሁ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። ከሌላ ሰው በቃል የተቀበላችሁትን ቁጥር አትመኑ። ቫይረሱ ማቀዝቀዣ በተከፈተ፣ መብራት በሄደ ቁጥር አቅሙ ይወርዳል።

3. ሰብስቡ

ከ18 እስከ 20 ሰዓት ጠብቁ። በማይክሮስኮፕ ስታዩ ሴሎቹ ክብ ክብ ብለው፣ ከወለሉ ሊለቁ ደርሰው ታገኟቸዋላችሁ። ካፕሲድ የሚገጣጠመው ኒውክለስ ውስጥ ስለሆነ የዛሬው ሀብታችን ያለው እዚያ ነው። በጣም ከቆያችሁ ሴሉ ይፈነዳና ኒውክለሱም አብሮ ይፈርሳል።

ሴሎቹን በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቃችሁ ወደ ቱቦ አውጡ። ትሪፕሲን አትጠቀሙ፤ ፕሮቲን ቆራጭ ነው። ለ10 ደቂቃ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ 500 ጂ (የመሬት ስበት 500 እጥፍ) ገደማ፣ አዙሩ። በቀዝቃዛ ፒቢኤስ አንዴ እጠቡ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በረዶ ላይ ነው።

ላዩ ላይ የቀረውን ሚዲየም አትድፉት። ውስጡ ከሴሉ የወጣ ሙሉ ቫይረስ አለ። 8ኛው ደረጃ ላይ እንመለስበታለን።

4. ኒውክለሱን ለዩ፣ ክፈቱት

ሴሎቹን 10 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ባፈር ውስጥ በትኑ፦ 20 ሚሊሞላር ትሪስ፣ ፒኤች 7.5፣ 1 በመቶ ትራይተን ኤክስ100 እና ፕሮቲን እንዳይቆራረጥ የሚከላከል ድብልቅ። በረዶ ላይ 30 ደቂቃ። ትራይተን የሴሉን ሽፋን ያሟሟል፤ ኒውክለሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። በ800 ጂ ለ10 ደቂቃ አዙሩ። ከታች የዘቀጠው ኒውክለስ ነው። ከላይ ያለው ሳይቶፕላዝም ነውና በሌላ ቱቦ አስቀምጡት።

ኒውክለሱን አሁን ጨው ባለው ባፈር በትኑት፦ 20 ሚሊሞላር ትሪስ፣ 500 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ። ከዚህ በኋላ «ቲኤንኢ» የምለው ይህን ነው። ጨው ስትጨምሩ ፈሳሹ ዝልግልግ ይላል። ፒፔት አይስበውም፣ ክር ሆኖ ይከተላችኋል። አትደንግጡ። የሴሉ ዲኤንኤ ነው። በሶኒኬተር በአጭር በአጭሩ፣ በየመሀሉ እያሳረፋችሁ፣ በረዶ ውስጥ እንደተቀመጠ ምቱት። ፈሳሹ እንደ ውኃ ከፒፔቱ ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል በቂ ነው። እዚያ ላይ አቁሙ። ብዙ መምታት ካፕሲዱንም ይሰብራል። አረፋ ካወጣ ደግሞ ጫፉ ወደ ላይ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ዝቅ አድርጉት።

ስብርባሪውን ለማውጣት በ3,000 ጂ ለ10 ደቂቃ አዙሩ። ካፕሲዱ አሁን ከላይ ያለው ፈሳሽ ውስጥ ነው።

5. በሱክሮስ ኩሽን ላይ አውርዱ

አልትራሴንትሪፊውጅ ቱቦ ሥር ላይ በቲኤንኢ የተሠራ የ35 በመቶ ሱክሮስ አኑሩ፤ 2 ሚሊሊትር ይበቃል። ናሙናውን በላዩ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አልብሱት። በኤስደብሊው 41 ሮተር በ24,000 ዙር በደቂቃ፣ 4 ዲግሪ ላይ፣ አንድ ሰዓት። ነገሩ የጀበና ቡና አተላው እስኪሰክን እንደመጠበቅ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ማሽኑ ያቻኩለዋል። ካፕሲዱ ከባድ ስለሆነ ስኳሩን ሰንጥቆ ሥሩ ላይ ይቀመጣል። ቀላል ፕሮቲኖች ከላይ ይቀራሉ።

ፈሳሹን በሙሉ አንሡና በሌላ ቱቦ አቆዩት። ሥሩ ላይ የምታዩት ጠብታ የምታህል፣ በብርሃን ወተት የምትመስል ነገር ናት። 300 ማይክሮሊትር ቲኤንኢ ጨምሩባትና ሳትነኳት 4 ዲግሪ ላይ አሳድሯት። ጠዋት በሰፊ ጫፍ ቀስ ብላችሁ በትኑ። የብዙ ሰው ግራዲየንት፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች እየወፈረ የሚሄደው የሱክሮስ ዓምድ፣ የሚበላሸው እዚህ ነው። ጓል እንዳለ ወደ ግራዲየንቱ ከገባ ሥሩ ድረስ ይሄዳል፤ ባንዱም ይደበዝዛል።

6. ግራዲየንቱን ሥሩ

ከ20 እስከ 50 በመቶ ሱክሮስ በቲኤንኢ ያስፈልጋችኋል። የግራዲየንት ማሽን ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ምንም ችግር የለም። 50፣ 40፣ 30 እና 20 በመቶውን ከታች ወደ ላይ በየተራ አልብሱ። አፉን በፓራፊልም አሽጉ፣ ቱቦውን ቀስ ብላችሁ አጋድሙት፣ ለሁለት ሦስት ሰዓት ተዉት። ተጋድሞ ሳለ ድርብርቦቹ እርስ በርስ ይዋሐዳሉ። ከዚያ በዝግታ አቁሙትና 4 ዲግሪ ላይ አቀዝቅዙት። እኔ ብጠየቅ ይህን ከማሽኑ እመርጣለሁ፤ ሁሉም ቱቦ አንድ ዓይነት ይወጣል።

ሁልጊዜ አንድ ባዶ ግራዲየንት ጨምሩ። ናሙና የለውም። ዓላማው የሱክሮሱ መጠን በትክክል እየጨመረ መሄዱን በሪፍራክቶሜትር መለካት ነው።

ናሙናውን በላዩ ጫኑ። ከ300 ማይክሮሊትር አትለፉ። ተቃራኒ ቱቦዎችን ከነባልዲያቸውና ከነክዳናቸው መዝኑና አመጣጥኑ። በ24,000 ዙር በደቂቃ ለአንድ ሰዓት፣ 4 ዲግሪ። አነሣሡ ዝግ ያለ ይሁን። ፍሬኑን አጥፉት። ይህን የረሳ ሰው ቆንጆ ባንዶቹ ሊቆሙ ሲሉ ይናጡበታል።

መብራት መሀል ላይ ከሄደ ሮተሩ በራሱ እስኪቆም ጠብቁ። የሄደውን ጊዜ ጻፉ። ቱቦውን በብርሃን እዩት፤ ባንዶቹ ካልተለያዩ ሳትነቀንቁ የቀረውን ጊዜ አስኪዱት።

7. ባንዶቹን አንብቡና አውጡ

ክፍሉን አጨልሙ። ከላይ ወደ ቱቦው አፍ ጠባብ ብርሃን አብሩበት። ከኋላው ጥቁር ካርቶን አድርጉ። ካፕሲዱ ብርሃን ስለሚበትን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ሦስት መስመር መኖር አለበት፦

- ከላይ ኤ ካፕሲድ፦ ባዶ ነው። ዲኤንኤ ለመጠቅለል ሞክሮ ያልተሳካለት እንደሆነ ይታሰባል። ብዙ ጊዜ ስስ ነው።
- መሀል ቢ ካፕሲድ፦ ውስጡ የግንባታ መወጣጫ ፕሮቲን አለው። ከሁሉም ደማቅ ይሄ ነው።
- ከታች ሲ ካፕሲድ፦ ዲኤንኤውን ይዟል። ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ከቢው ይልቅ ደብዘዝ ቢል አይግረማችሁ።

ኤ እና ቢ የሚሉትን ስሞች በ1972 የሰጡት ጊብሰንና ሮይዝማን ናቸው። ሲው ኋላ ላይ የተጨመረ ነው።

ማውጫው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከባንዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ የቱቦውን ጎን በመርፌ ወግቶ መሳብ ነው። ንጹሕ ይወጣል፤ ግን ጣት ላይ አደጋ አለው። ሁለተኛው ከላይ ጀምሮ 500 ማይክሮሊትር እያሉ ሁሉንም በተራ መሰብሰብ ነው። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ባንድ ያላያችሁበት ቦታ ላይ ያለውን ጭምር ታገኙታላችሁ። መርፌ የሚመርጥ ሰው የሚያየውን ብቻ ነው የሚያወጣው።

የየክፍልፋዩን ሱክሮስ በሪፍራክቶሜትር ለኩና ጻፉ። ከዚያ በቲኤንኢ ቢያንስ ሦስት እጥፍ አቅጥኑና መልሳችሁ አውርዱት።

8. ኤንቨሎፕና ቴጉመንት፦ ከሚዲየሙ

የኒውክለስ ካፕሲድ ኤንቨሎፕ የለውም። ስለዚህ ግላይኮፕሮቲን የሚፈልግ ሰው ወደ ሚዲየሙ ይመለስ። በርከት ያለ ቫይረስ ከፈለጋችሁ ለዚህ ብቻ የሚሆኑ ፍላስኮችን በአነስተኛ መጠን፣ ለ100 ሴል አንድ ቫይረስ ሰጥታችሁ፣ ለሦስት ቀን ብታቆዩ ይሻላል።

መጀመሪያ በ1,500 ጂ ለ20 ደቂቃ አዙራችሁ ሴልና ስብርባሪ አስወግዱ። ቫይረሱን በአልትራሴንትሪፊውጅ በ22,000 ዙር ለሁለት ሰዓት አውርዱ። በጥቂት ባፈር አሳድሩት። ሶኒኬተርም ቮርቴክስም አያስፈልግም፤ ኤንቨሎፑ ስስ ነው፣ ይቀደዳል።

እዚህ ላይ ሱክሮስ አልመርጥም። ወፍራም ስኳር ከቫይረሱ ውኃ ስለሚስብ ሽፋኑን ያጎሳቁላል። ከ5 እስከ 15 በመቶ ፋይኮል ይሻላል። በ12,000 ዙር ለሁለት ሰዓት። ሙሉው ቫይረስ ጥርት ያለ ባንድ ይሠራል። ከሱ በላይ የተበተነ ደመና ታያላችሁ። ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፤ ኤል ፓርቲክል ይባላል። ኤንቨሎፕና ቴጉመንት አለው፤ ካፕሲድ ግን የለውም። ለናንተ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ካፕሲድ አልባ የሆነ ማነጻጸሪያ በነጻ ታገኛላችሁ።

የተጣራውን ቫይረስ ለሁለት ክፈሉ። አንዱን ሳትነኩ አስቀምጡ። ሌላውን 1 በመቶ ኤንፒ40 እና 100 ሚሊሞላር ጨው ባለበት ባፈር በረዶ ላይ 30 ደቂቃ አቆዩና በአልትራሴንትሪፊውጅ አውርዱ። ላይኛው ፈሳሽ ግላይኮፕሮቲኖቹን ይዟል። የዘቀጠው ካፕሲድና በላዩ የተጣበቀው ቴጉመንት ነው። ዝቃጩን በ500 ሚሊሞላር ጨው ደግማችሁ ብታጥቡት ተጨማሪ ቴጉመንት ይለቃል። ሁሉም ግን አይለቅም። ወደ ካፕሲዱ የተጠጋው ክፍል አጥብቆ ይይዛል፤ ትልቁ ቪፒ1/2 በተለይ። «ቴጉመንቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ካያችሁ ጄሉን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

9. ጄሉ፦ ማንነት የሚታይበት

የፕሮቲን መጠን በቢሲኤ ለኩ። ብራድፎርድ ከትራይተን ጋር አይስማማም፤ የሌለ ፕሮቲን ያሳያችኋል።

ከ4 እስከ 20 በመቶ የሆነ ኤስዲኤስ ጄል ውሰዱ። በተለመደው 10 በመቶ ጄል ቪፒ26 ከሥር ያመልጣችኋል፤ ከዚያ «የለም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። የጭነቱ ቅደም ተከተል ሞክ፣ የተያዘ ሙሉ ሴል፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ሙሉ ቫይረስ ይሁን። ሞኩ በዚሁ ሁሉ ደረጃ ያለፈ መሆን አለበት፤ የሞክ ግራዲየንትም ጭምር።

ኩማሲ ቅቡና እንዲህ አንብቡ። 149 ኪሎዳልተን ላይ ያለው ወፍራም ባንድ ቪፒ5 ነው። ሦስቱም ላይ አለ። 50 አካባቢ ቪፒ19ሲ፣ 34 አካባቢ ቪፒ23፣ ከታች 12 ላይ ቪፒ26። እስካሁን ሦስቱ ካፕሲዶች አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ 40 አካባቢ ነው። እዚያ ቢ ላይ ብቻ ደማቅ ባንድ አለ፦ ቪፒ22ኤ፣ ማለትም መወጣጫው። ኤ እና ሲ ላይ የለም ወይም እጅግ ደብዛዛ ነው። ሲ ላይ ደመቅ ብሎ ካያችሁት ክፍልፋያችሁ ከቢ ጋር ተቀላቅሏል። ወደ ግራዲየንቱ ተመለሱ።

የጻፋችኋቸው ቁጥሮች አሁን ይጠቅማሉ። የእያንዳንዱን ብዛት በክብደቱ አባዙት። ከአራቱ የቅርፊት ፕሮቲኖች ክብደት ውስጥ ቪፒ5 ብቻውን ሦስት አራተኛውን ይወስዳል። የባንዶቹን ድምቀት ለክታችሁ ከዚህ በጣም የራቀ ካገኛችሁ አንድም ካፕሲዱ ተሰባብሯል፣ አንድም የሴል ፕሮቲን ተደብቆ ገብቷል። ይህን በኩማሲ እንጂ በብር ማቅለሚያ አትለኩ። ብር ስሱ ነው፤ መጠን ግን በትክክል አይናገርም።

ቀጥሎ ዌስተርን ብሎት። ቢያንስ ሦስት አንቲቦዲ ያስፈልጋል፦ ለካፕሲድ ቪፒ5፣ ለቴጉመንት ቪፒ16፣ ለኤንቨሎፕ ጂዲ የተባለው ግላይኮፕሮቲን። ከሚዲየሙ ያወጣችሁት ላይ ጂዲ ኤንፒ40 ያሟሟው ፈሳሽ ውስጥ፣ ቪፒ5 ዝቃጩ ውስጥ መገኘት አለባቸው። ቪፒ16 ሁለቱም ጋ ሊታይ ይችላል፤ መጠኑ እንደ ጨዋችሁ ነው። የኒውክለስ ካፕሲድ ላይ ጂዲ ከጮኸ የሽፋን ቁራጭ አብሮ መጥቷል።

ጂዲ በተያዘ ሴል ውስጥ ሁለት ባንድ ይሠራል። ታችኛው ስኳሩ ገና ያልተስተካከለለት፣ ላይኛው የበሰለው ነው። ሙሉ ቫይረስ ላይ በብዛት የሚገኘው ላይኛው ነው። ለማረጋገጥ ናሙናውን ያልበሰለውን ስኳር በሚቆርጠው በኤንዶ ኤች ኢንዛይም አክሙ። ታችኛው ዝቅ ይላል፤ ላይኛው በአብዛኛው አይነቃነቅም። ሁለቱንም ዓይነት ስኳር በሚቆርጠው በፒኤንጌዝ ኤፍ ግን ሁለቱም ይወርዳሉ።

ንጽሕናን ለማሳየት ደግሞ የሴሉን ፕሮቲኖች ፈልጉ፦ ካልኔክሲን ለሽፋን፣ ሂስቶን ኤች3 ለኒውክለስ። አክቲንን ለዚህ አትጠቀሙ። በተጣራ የሄርፒስ ቫይረስ ውስጥም ስለተገኘ ብታዩት ምንም አያስረዳም።

10. ዲኤንኤው በእርግጥ ውስጥ ነው?

ሲ ካፕሲድን ሲ የሚያሰኘው ዲኤንኤው ነው። ናሙናውን ለሁለት ክፈሉ። ለአንዱ ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም) ጨምሩ፣ ለሌላው አትጨምሩ። ውስጥ ያለ ዲኤንኤ ቅርፊቱ ይጠብቀዋል፤ ውጭ የተጣበቀው ይበላል።

እዚህ ወጥመድ አለ። ቲኤንኢ ውስጥ ኢዲቲኤ አለ፣ ጨውም ብዙ ነው። ዲኤንኤዝ ማግኒዚየም ይፈልጋል፣ ጨው ሲበዛበትም ይሰንፋል። ባፈሩን ሳትቀይሩ ከሠራችሁ ኢንዛይሙ ይተኛል፤ እናንተም «ሁሉም ዲኤንኤ ውስጥ ነው» ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ጨው የቀነሰ፣ ኢዲቲኤ የሌለውና 5 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ያለው ባፈር ውስጥ አስገቡት። ኢንዛይሙ መሥራቱን ለማወቅም ቅርፊት የሌለው ፕላዝሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) የተጨመረበት ተጨማሪ ቱቦ አዘጋጁ። ፕላዝሚዱ ካልጠፋ ውጤቱን አትመኑ።

ሲጨርስ ኢዲቲኤ ጨምሩና በሙቀት አክሽፉት። ከዚያ ፕሮቲኔዝ ኬ እና ኤስዲኤስ ቅርፊቱን ይክፈቱት። ዲኤንኤውን አጣርታችሁ በኪውፒሲአር ለኩ። ሲ ላይ በዲኤንኤዝና ያለ ዲኤንኤዝ ቁጥሩ ይቀራረባል። ኤ እና ቢ ላይ ዲኤንኤዝ ሲጨመር ይወድቃል።

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የምታገኙ ከሆነ ከእያንዳንዱ ባንድ አንድ ጠብታ ላኩ። 2 በመቶ ዩራኒል አሲቴት ተቀብቶ ባዶው ኤ መሀሉ ጠቁሮ ይታያል፤ ቀለሙ ስለሚገባበት። ማሽኑ ከሌላችሁ ግን በጄል፣ በብሎትና በዲኤንኤዝ ሙከራ ያገኛችሁት ከተስማማ ጥያቄያችሁ ተመልሷል።

ሳይሳካ ሲቀር

ባንድ ጨርሶ ካልታየ መጀመሪያ ስቶኩን ጠርጥሩ፣ ቀጥሎ የሴሉን ብዛት። ከላይ የተቀመጠውን የሳይቶፕላዝም ቱቦም በቪፒ5 ብሎት እዩት፤ ምናልባት ኒውክለሱ በትራይተኑ ጊዜ ፈርሶ ይሆናል። ቢ ብቻ ከታየ ወይ ቀድማችሁ ሰብስባችኋል፣ ወይ ቫይረሱ ዲኤንኤ መጠቅለል የማይችል ዝርያ ነው፤ ከማን እንደወሰዳችሁት አጣሩ። ባንዱ ከደበዘዘ ጭነቱ በዝቷል ወይ ጓሉ አልተበተነም። ሁሉም ነገር ሥሩ ላይ ከተጠራቀመ ተጣብቆ ነው፤ ሲበተን ጨው እንዳልረሳችሁ እዩ።

ክፍልፋዮቹን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለሄርፒስ አይሆንም፤ አቅሙን ያጣል። ቱቦው ላይ ቀኑን፣ የክፍልፋዩን ቁጥር፣ የሱክሮሱን መጠንና የቫይረሱን ፓሴጅ (ስንተኛ ዙር እንደተራባ) ጻፉ። ከ4ኛው ደረጃ ሳይቶፕላዝምና ከ5ኛው ላይኛ ፈሳሽ ጀምሮ ያቆያችሁትን ሁሉ ጄሉ ተቀብቶ እስኪነበብ አትንኩት። ከተነበበ በኋላ የማያስፈልገውን በረኪና ውስጥ ጨምሩና 30 ደቂቃ ካቆያችሁት በኋላ ድፉት።